አሮጌ የዕንቁ ሐብል አዳማ ወርቅ ቤት ሲገመት፦ የሚታመነውና የማይታመነው

«እማማ፣ ዕንቁው ዋጋ የለውም፤ እኛ የምንገዛው መቆለፊያውን ነው።» የወረሱትን የዕንቁ ሐብል ይዘው አዳማ ላይ ወርቅ ቤት የሚገቡ ሰዎች በአብዛኛው የሚሰሙት መልስ ይህ ነው። ቀጥሎ ክሩ ይቆረጥና መቆለፊያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ፍሬው በፌስታል ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴም እዚያው ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የሚገመግመው ያንን አገልግሎት ነው። አንድን ሱቅ ለይተን ለማመስገን ወይም ለመውቀስ አልተነሳንም፤ ወርቅ ቤት በአሮጌ ዕንቁ ላይ ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደማይችል ግን በግልጽ መነገር አለበት።

ፍርዳችንን እናስቀድም። ለመቆለፊያው ወርቅ ቤቱን እመኑት። ለዕንቁው አትመኑት። ክሩን ደግሞ እናንተ ሳትፈቅዱ ማንም መቀስ እንዳያስጠጋበት።

ጉዳዩ የማታለል አይደለም። ወርቅ የዕለት ዋጋ አለው፤ ይቀልጣል፣ እንደገና ይሠራል፣ ነገ ይሸጣል። ዕንቁ አይቀልጥም፤ ለሚቀጥለው ገዢ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ባለሱቁ «ዋጋ የለውም» ሲል «እኔ መልሼ የምሸጥበት መንገድ የለኝም» ማለቱ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። 585 (ከሺህ 585 እጁ ወርቅ ማለት ነው) የሚል ማኅተም ያለው 2 ግራም መቆለፊያ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 1.17 ግራም ብቻ ነው። በዚያች መቆለፊያ የተያዘው 45 ሳንቲሜትር ሐብል ጥሩ የባሕር ዕንቁ ከሆነ ዋናው ንብረት ፍሬው ነው፤ የሚመዘነው ግን ትንሹ ክፍል ነው።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የያዛችሁት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቤት ውስጥ መለየት ያስፈልጋል፦ አርቴፊሻል፣ የእርባታ ወይስ የተፈጥሮ። አርቴፊሻሉ በቀለም የተነከረ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ ወይም ዛጎል ነው። የእርባታው በሰው እጅ ከዛጎል የተቆረጠ ክብ አስኳል ወይም ቁራጭ ሥጋ ከገባበት ሕያው ዛጎል የሚገኝ እውነተኛ ዕንቁ ነው፤ ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ግማሽ ክብ ዕንቁ በእርባታ አገኘ፣ ድፍን ክቡ ገበያውን ያጥለቀለቀው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። የተፈጥሮው ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት የተፈጠረ ሲሆን፣ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤና ከቀይ ባሕር ጠላቂዎች ያወጡት ነበር። የምጽዋና የዳህላክ ዕንቁ ለዘመናት ሲነገድበት ስለኖረ፣ ምጽዋ የኖረ ወይም እዚያ የነገደ ዘመድ የነበረው ቤተሰብ ሐብሉን ሳያስመረምር ባይሸጥ ጥሩ ነው።

በሚዛን ጀምሩ። ወርቅ ቤቶች በጣም የሚያግዙት እዚህ ላይ ነው፤ ሚዛናቸው እስከ መቶኛ ግራም ያነባል፣ ለመመዘን ደግሞ ምንም መቁረጥ አያስፈልግም። 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው እውነተኛ ዕንቁ ወደ 0.48 ግራም ይመዝናል፤ 8 ሚሊሜትሩ ወደ 0.72 ግራም። በየፍሬው መሃል ቋጠሮ ያለው 45 ሳንቲሜትር የ7 ሚሊሜትር ሐብል 59 ገደማ ፍሬ ይይዛል፣ ያለ መቆለፊያው ከ26 እስከ 30 ግራም ይሆናል። ያው መጠን ያለው ፕላስቲክ ከ11 እስከ 13 ግራም ብቻ ነው፤ ልዩነቱ እጅ ላይ እንኳ ይታወቃል። ብርጭቆ ግን ከዕንቁ ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው ሚዛን አይለየውም። «ከባድ ስለሆነ እውነተኛ ነው» የሚል ገማች ካጋጠማችሁ ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ቀጥሎ ማሻሸት። ሁለት ጎረቤት ፍሬዎችን ቀስ አድርጋችሁ እርስ በርስ አሻሹ። እውነተኛ ከሆኑ ትንሽ ሻከር ይላሉ፣ ጣት ላይ ስስ ነጭ ዱቄት ሊቀር ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ፍሬው እንደነበረው ነው። አርቴፊሻሉ ይንሸራተታል ወይም ቀለሙ ይላጣል። በጥርስ መሞከር ከዚህ የተሻለ ነገር አይነግርም፣ ጥርስ ደግሞ ሽፋኑን ይጭራል። በእሳት ወይም በጋለ መርፌ መፈተን የሚባለው ነገር ግን ከነጭራሹ ይቅር፤ ሐሰተኛውን ያጋልጣል፣ እውነተኛውን ያበላሻል።

አብዛኛው ምስጢር ያለው ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ያስፈልጋል። ወርቅ ቤት ካለ ለአምስት ደቂቃ ጠይቁ፤ የራሳችሁ ካላችሁ ቤት መስኮት ዳር ቁጭ ብላችሁ፣ ሐብሉን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድማችሁ፣ ቋጠሮውን በጥፍር ገፋ አድርጋችሁ የቀዳዳውን አፍ ተመልከቱ። አርቴፊሻል ከሆነ ቀለሙ በቀዳዳው ዙሪያ ተሰብስቦ ጠርዝ ሠርቶ፣ ወይም ተልጦ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ወይም ደብዛዛ ፕላስቲክ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። በድሮው የፈረንሳይ አሠራር ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ ብርጭቆ በዓሣ ቅርፊት ብልጭታ ተቀብቶ በሰም ይሞላ ነበር፤ ያ ዓይነቱ ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰም ይታያል። እሱም ቢሆን አሮጌ ጌጥ የሚሰበስብ ሰው ይፈልገዋል፣ ዋጋው ግን የዕንቁ አይደለም።

የእርባታ የባሕር ዕንቁ ከሆነ ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር አለ። መስመሩ ዛጎሉ የሠራው ሽፋንና ሰው ያስገባው አስኳል የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከቀዳዳው አፍ እስከ መስመሩ ያለው ርቀት የሽፋኑ ውፍረት ነው፣ ይህ ደግሞ ሐብሉ ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይነግራችኋል። ሽፋኑ ሳስቶ ወረቀት ካከለ ወይም በቀዳዳው ዙሪያ እየተፈረፈረ ከሆነ፣ ውበቱ ዛሬ ቢታይም ዕድሜው አጭር ነው፤ ዋጋውን በብዙ ይቀንሰዋል። ሌላው ምልክት ሐብሉን በጠንካራ የባትሪ ብርሃን ፊት ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ሽፋኑ ስስ የሆነ ፍሬ ሲዞር አንዴ ይጠቁራል አንዴ ይፈካል፣ ወይም ቀጥ ያሉ ጭረቶች ያሳያል። አስኳሉ ከሰሜን አሜሪካ የወንዝ ዛጎል ተቆርጦ የሚሠራ ስለሆነ ያ ጭረት የዛጎሉ ንብርብር ነው።

መስመሩ ካልታየስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አስኳል አልታየም ማለት ዕንቁው የተፈጥሮ ነው ማለት አይደለም። ከቻይና የሚመጣው የሐይቅና የኩሬ ዕንቁ አብዛኛው ያለ አስኳል፣ በቁራጭ ሥጋ ብቻ የሚረባ ስለሆነ እስከ መሃሉ አንድ ወጥ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የወጣው የተሸበሸበ የሩዝ ፍሬ መልክ አለው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለው እየከበበ ስለመጣ ከባሕሩ ጋር ይምታታል። ከአረብ አገር በስጦታ መልክ የሚመጣው እውነተኛ ዕንቁ ብዙው ይኸው ዓይነት ነው። ለመልበስ ግሩም ነው፣ ዋጋው ግን ከጃፓኑ የባሕር ዕንቁ በአብዛኛው ያነሰ ነው።

የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል ብለን ተስፋ የምናደርገው ብዙ ምልክቶች ሲገጣጠሙ ነው፦ ቀዳዳው በጣም ጠባብ ነው (ይሸጥ የነበረው በክብደት ስለሆነ ቀዳጁ ክብደት እንዳይባክን ይጠነቀቅ ነበር)፣ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረቡ ክቦች እንጂ አንድ የተለየ ወሰን አይታይም፣ ፍሬዎቹ ፍጹም ክብ አይደሉም፣ መሃል ላይ ትልቅ ሆነው ወደ መቆለፊያው እያነሱ ይሄዳሉ፣ የቤተሰቡም ታሪክ ይደግፋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ቃል የሚሰጠው የዕንቁ ላቦራቶሪ በኤክስሬይ አይቶ ነው፤ በዓለም ከሚታወቁት የአሜሪካው ጂአይኤ፣ የስዊዘርላንዱ ኤስኤስኢኤፍና የባህሬኑ ዳናት ይገኙበታል። የሆስፒታል ራጅ ለዚህ አልተሠራም። ከላይ ያሉት ምልክቶች ካልተገጣጠሙ የላቦራቶሪ ክፍያና የመላኪያ ወጪ ማውጣት አንመክርም።

አሁን ወደ መቆለፊያው። ወርቅ ቤቱ የሚያውቀው ይህንን ነው፣ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እኛ አገር ዘወትር የሚሠራው በ18ና በ21 ካራት ነው። ከውጭ የመጣ አሮጌ መቆለፊያ ግን 375 (9 ካራት)፣ 417 (10 ካራት) ወይም 585 (14 ካራት) ሊል ይችላል። መፈተኛ ድንጋይ ላይ የተሰመረው የ9 ካራት መስመር ለ18 ካራት በተዘጋጀ አሲድ ሲነካ ይጠፋል፤ ፈታኙ «ወርቅ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። መልሱ «18 አይደለም» መሆን ነበረበት። ስለዚህ ማኅተሙን ቤት ውስጥ በመነጽር አንብባችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩንም ነግራችሁ በዚያ ካራት አሲድ እንዲፈተን ጠይቁ። አሲዱ ድንጋዩ ላይ ብቻ ይንጠብጠብ፤ መቆለፊያው ላይ አይደለም፤ ሐብሉም ከጠረጴዛው ዘወር ይበል። የዕንቁ ሽፋን ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አንዲት የአሲድ ጠብታ ያረፈችበት ቦታ ወዲያው አረፋ ይደፍቅና ይቦረቦራል፣ ያም አይመለስም።

መቆለፊያው ብር ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። የጃፓን የባሕር ዕንቁ በብር መቆለፊያ መሸጡ የተለመደ ነው፤ ሚኪሞቶ ራሱ በዛጎል ቅርጽ ውስጥ «ኤም» የሚል ፊደል እያሳረፈ በብርም በወርቅም ሠርቷል። «መቆለፊያው ብር ነው፣ ስለዚህ ዕንቁው ተራ ነው» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ መቆለፊያ ስለሚቀየር የወርቅ መቆለፊያ ስለ ዕንቁው ምስክር አይሆንም።

የዕንቁው ዓይነት ከታወቀ በኋላ ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ብልጭታው ነው። ወርቅ ቤቶች መስኮታቸው ላይ የሚያበሩት ቢጫ መብራት ወርቅን ያሳምራል፣ ዕንቁን ግን ያሳስታል፤ ሐብሉን ይዛችሁ ወደ በሩ ውጡ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት የቀን ብርሃን እዩት። ፍሬው ላይ የበሩን ወይም የራሳችሁን ጥላ ጠርዙ ተለይቶ ካያችሁት ብልጭታው ጥሩ ነው፤ ምስሉ ከደበዘዘና ፍሬው የኖራ መልክ ካለው ዝቅተኛ ነው። ከዚያ መጠን፣ ክብነት፣ የገጹ ንጽሕና፣ ቀለምና ፍሬዎቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ይከተላሉ። መጠኑን በካሊፐር (በመንጋጋ ይዞ ስፋት በሚለካው መሣሪያ) ከመሃልም ከዳርም ለኩ፤ መንጋጋው እንዳይጭር ስስ ወረቀት ጣል አድርጉበት። ከመሃል 7 ሚሊሜትር ሆኖ ዳር ላይ 3 ሚሊሜትር የሚወርድ ሐብል «የ7 ሚሊሜትር ሐብል» ተብሎ አይገመትም፤ አብዛኛው ፍሬ ትንሽ ነው፣ የሚገኝለት ዋጋም ወጥ ከሆነው 7 ሚሊሜትር በብዙ ያንሳል።

ለተፈጥሮ ዕንቁ የድሮ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት የራሱ ስሌት አለ፤ የትልቁ ፍሬ ዋጋ ለምን እንደሚያሻቅብ ስለሚያስረዳ ማወቁ ይጠቅማል። መለኪያው ግሬን ይባላል፣ አንዱ 0.05 ግራም ነው። የፍሬው ክብደት በግሬን በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በጥራቱ መነሻ ዋጋ ይባዛል። 4 ግሬን (ወደ 5.2 ሚሊሜትር) የሆነ ፍሬ የመነሻውን 16 እጥፍ ያወጣል፤ 8 ግሬን (ወደ 6.6 ሚሊሜትር) ግን 64 እጥፍ። ክብደቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ዋጋው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

«በጊዜው በብዙ ብር የተገዛ ነው» የሚለውን ግን ለግምት አትያዙት። በ1917 የፈረንሳዩ ጌጣጌጥ ቤት ካርቲየር የኒውዮርኩን ሕንጻ ያገኘው አንድ ሚሊዮን ዶላር በተገመተ ሁለት ድርድር የተፈጥሮ ዕንቁ ለውጦ ነው፤ ያው ሐብል በ1957 በጨረታ ሲሸጥ 200 ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። የእርባታ ዕንቁ መምጣት ገበያውን እንዲህ ገለባብጦታል። በሌላ በኩል ግምት ስትጠይቁ ለምን እንደሆነ ንገሩ፦ ወርቅ ቤት አሁን የሚገዛበት ዋጋ፣ ለባሽ ለራሱ የሚገዛበት ዋጋ፣ ለውርስ ክፍፍል የሚቀርብ ዋጋ ሦስቱም አይገናኙም። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ዝቅተኛው ነው፤ ወንድማማቾች ሊካፈሉበት ሲቀርብ ስናይ ያሳዝነናል።

ክር ማስለወጥ ሌላው አገልግሎት ነው፤ እዚህ የሥራው ጥራት ከሱቅ ሱቅ በጣም ይለያያል። ትክክለኛው የሐር ክር ነው፤ በእያንዳንዱ ፍሬ መሃል ቋጠሮ ይኖራል። ቋጠሮው ሁለት ሥራ አለው፦ ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ያደርጋል፣ ክሩ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ብቻ ነው። ለአንድ ተራ ሐብል 2 ሜትር የሐር ክር ይበቃል። በዓሣ ማስገሪያ ናይለን ያለ ቋጠሮ የሚሰኩት ሥራው ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ያንን አትቀበሉ። ጫፉን በፈጣን ሙጫ ማጣበቅም አይሁን፤ ሙጫው ቀዳዳው ውስጥ ይደርቅና በሚቀጥለው ጊዜ በመሰርሰሪያ ሲወጣ ሽፋኑን ይሰብራል። ክሩ ግራጫ ከሆነ ወይም በፍሬና በፍሬ መሃል ክፍተት ከታየ መለወጫው ደርሷል፤ አዘውትሮ ለሚለበስ ሐብል በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ነው።

ሐብሉን ሱቅ ጥላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደረሰኙ ላይ «አንድ ሐብል» ተብሎ አይጻፍ። የፍሬው ቁጥር፣ የትልቁና የትንሹ ስፋት፣ ጠቅላላ ክብደት በግራም፣ ርዝመት፣ የመቆለፊያው ማኅተም ይጻፉ። ከመቆለፊያው ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ሦስት ፍሬዎች ቀዳዳቸው እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ጠባሳ ወይም ጉድጓድ ያለው ፍሬ ካለ ቆጥራችሁ ስንተኛ እንደሆነ ያዙ። እየሰፋ የሚሄድ ሐብል ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ ከመቆረጡ በፊት በፕላስተር ተለጥፎ እንዲያዝ ጠይቁ።

ማጠብን በተመለከተ ምንም ጥርጥር የለንም፦ ወርቅ ቤት እንዲያጥብላችሁ አትፍቀዱ። ለወርቅ የሚሆነው የፈላ ውሃ፣ አሲድና የአልትራሶኒክ ማሽን ለዕንቁ ጥፋት ነው። ቤት ውስጥም በረኪና፣ ኮምጣጤና ሎሚ ክልክል ናቸው፤ በእርጅና የመጣውን ቢጫነት አያስለቅቁም፣ ሽፋኑን ግን ይበላሉ። ለስላሳ ጨርቅ በለብ ያለ ውሃ አርጥባችሁ ፍሬ በፍሬ ጥረጉ፣ ክሩ እስኪደርቅ አጋድማችሁ አቆዩ። አዳማ ላይ የአቧራው ነገር ስላለ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አይሆንም፤ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የሞስ መለኪያ የዕንቁ ጥንካሬ ከ2.5 እስከ 4.5 ነው፣ አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ኳርትዝ 7 ስለሆነ ይጭረዋል። ሙቀቱ ላብ ስለሚያበዛ ከለበሱ በኋላ ያው እርጥብ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ሽቶ ከሐብሉ በፊት እንጂ በኋላ አይረጭም። ማስቀመጫው የጨርቅ ከረጢት ይሁን፤ የታሸገ ፌስታል ውስጥ ለዓመታት የተዘጋበት ዕንቁ ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ገንዘቡ አስቸኳይ ሆኖ ወርቅ ቤቱ የመቆለፊያውን ዋጋ ብቻ ከሰጠ፣ ሐብሉን በሙሉ አስረክቡ ማለት አይደለም። መቆለፊያውን ብቻ ሽጡ፤ ክሩ እናንተ ፊት ከመቆለፊያው ሥር ይቆረጥ፣ ሁለቱም ጫፍ ወዲያው ይቋጠር፣ ፍሬው ተቆጥሮ ይመለስላችሁ። 925 የሚል የብር መቆለፊያ በኋላ አስገብቶ በአዲስ ሐር ማሰካት ይቻላል።